በወረቀት ላይ ግማሽ

ዲላ ውስጥ ትንሽ ዳቦ ቤት አለኝ። ማንበብና መጻፍ የተማርኩት ጎልምሼ፣ ልጆች ወልጄ፣ በቤተ ክርስቲያን ግቢ በሚሰጥ የማታ ትምህርት ነው። ስለዚህ አጻጻፌ ቢሻክር አትፍረዱብኝ። በሌላው ፍረዱብኝ።

ምድጃው ላይ የሚሠሩት ከከተማው ወጣ ካለችው ከጪጩ የሚመላለሱ ሽማግሌ ናቸው። ጋሼ ነው የምላቸው። እኔ የሰው ዳቦ ቤት ዱቄት ተሸካሚ ሳለሁ ሊጥ ማቡካት ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። የራሴን ስከፍት ያን ቤት ትተው እኔ ጋ መጡ። እስከ ዛሬ ፊደል አያውቁም።

አንድ ቀን የከተማው ገቢዎች ጽሕፈት ቤት አስጠራኝ። ከመስኮቱ ጀርባ የተቀመጠችው ሴት ፋይሌን ገለጠችና፣

«ሠራተኛ ቀጥረው ያሠራሉ አይደል?» አለችኝ።

«አዎ። ግብሬንም ከፍያለሁ፣ ደረሰኙ ይኸው።»

«እሱ የንግድዎ ነው። እኔ የምልዎት የሠራተኞቹን ነው። ከየደመወዛቸው ግብሩን ቆርጠው በየወሩ እዚህ ያስገባሉ። ጡረታም አለ፤ ከሠራተኛው ከመቶ ሰባት፣ ከእርስዎ ከመቶ አሥራ አንድ።»

«ጡረታ ለመንግሥት ሠራተኛ አይደለም እንዴ?»

ከኋላዬ የተሰለፉት ሳቁ። እሷ አልሳቀችም፤ ሕጉ ለግል ድርጅትም እንደሚሠራ በእርጋታ አስረዳችኝ። የተቆረጠው ግብር አዲስ አበባ ነው የሚሄደው ብዬ ነበር፤ ለክልሉ እንደሆነ ነገረችኝ። ገባኝ። አልገባኝም ብዬ ላመካኝ አልችልም።

ማታ ሠራተኞቹን ሰብስቤ ነገርኳቸው። ሻጯ አንገቷን ሰበቀች። «እንዴ! የአንተን ግብር ከእኛ ጉሮሮ?»

ሊጥ የሚያቦካው ልጅ እግር ደግሞ፣ «ዳቦውን ማሳነስ ሰልችቶት ነው፤ አሁን ወደ ደመወዛችን መጣ» አለ።

ሳቁ። ጋሼም ፈገግ አሉ። እኔ ደግሞ ሲሳቅብኝ አልወድም፤ ፊደል ሳላውቅ በቂ ተስቆብኛል። «ከእጃችሁ አምስት ሳንቲም አትጎድልም!» አልኩ። «ሙሉውን ከኪሴ እከፍላለሁ!» አጨበጨቡ። ጋሼ ተነሥተው መረቁኝ።

ወሩ ሲያልቅ ሒሳቤን የምትሠራልኝ ልጅ ወረቀቷን ይዛ መጣች። «አለቃ፣ እርስዎ የሚከፍሉላቸው ግብር ራሱ እንደ ደመወዝ ይቆጠራል። ተደምሮ እንደገና ግብር ይሰላበታል። ጡረታው ሲጨመር ደግሞ ይኸውልዎት» ብላ አሳየችኝ። ቀልቤ ተገፈፈ። ሠራተኞቹ ጋ ተመልሼ «አልቻልኩም፣ እንደ ሕጉ ይቆረጥ» ማለት ነበረብኝ። ያንን ጭብጨባ መልሱልኝ ማለት ግን ሞት መሰለኝ።

«ደመወዛቸውን ግማሹን ጻፊ» አልኳት።

«ኋላ ጡረታቸውም በግማሹ ነው የሚታሰበው።»

«ጡረታ ድረስ ማን ይኖራል? ጻፊ ስልሽ።»

ጻፈች። ከዚያ ወዲህ በወረቀት ግማሽ፣ በእጅ ሙሉ ሆነ። ዲላ ውስጥ እንዲህ የሚያደርገው እኔ ብቻ አይደለሁም፤ ይህንን የምለው ለመጽናናት ነው፣ አያጽናናም። ማንበብ የሚችሉት ሠራተኞች የደመወዙን ወረቀት አይተው፣ ተጠቃቅሰው ፈረሙ። እጃቸው የገባው ሙሉ ነውና ግድ አልሰጣቸውም። ጋሼ አውራ ጣታቸውን ቀለም ላይ ነክረው፣ «ምንድን ነው የሚለው?» ብለው ጠየቁኝ።

«ደመወዝ ተቀብያለሁ ነው የሚለው» አልኳቸው።

ውሸት አይደለም። ቃሉን ስንት ጊዜ አስቤ እንደመረጥኩት ግን የማውቀው እኔ ነኝ። የማያነብ ሰው ወረቀት ሲያቀርቡለት ዓይኑ የሚሄደው ፊደሉ ላይ ሳይሆን ያቀረበለት ሰው ፊት ላይ ነው። እሳቸውም ያዩት ፊቴን ነው። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ፊት ሳነብ የኖርኩ ሰው፣ ፊቴን ማስተካከል አሳምሬ አውቅበታለሁ።

እንዲህ እያልን ዓመታት ሄዱ። ባለፈው የቡና ለቀማ ሰሞን ጋሼ ስድሳ ሞላቸው። ወገባቸውም አልታዘዝ ብሏል። «ጡረታዬን ላስጨርስ ነው፣ አብረኸኝ ሂድ። የሚያነብልኝ ሰው ያስፈልገኛል» አሉኝ። እንቢ የምልበት ምክንያት ፈልጌ አጣሁ።

የጡረታ መሥሪያ ቤቱ በሰው ተሞልቶ ነበር። ወጣቱ ሠራተኛ ኮምፒውተሩን እያየ፣ «አባት፣ ደመወዝዎ ስንት ነበር?» አላቸው። ጋሼ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ ኮራ ብለው ተናገሩ።

«ይቅርታ አባት፣ እዚህ ያለው የዚህ ግማሽ ነው።»

«ግማሽ?»

«የመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት ደመወዝዎ አማካይ ነው የሚያዘው። በዚህ ከሄደ የሚያገኙት በጣም ትንሽ ነው። አሠሪዎ ማን ነው? ይኼ ሰውዬ ነው?»

ጋሼ ዞር ብለው አዩኝ። ፊቴ ላይ ያዩትን አላውቅም፤ ያን ቀን ማስተካከል አቅቶኛል። «አዎ» የምትል አንዲት ቃል ብቻ ነበረች የምትጠበቅብኝ። ሳልላት ጋሼ ወደ ልጁ ተመለሱና፣

«ተወው ልጄ፣ እኔ ነኝ የተሳሳትኩት። እርጅና ነው» አሉት።

ከኋላ የቆሙት በሽማግሌው መዘባረቅ ሳቁ። እኔም እየሰማሁ ዝም አልኩ። በሕይወቴ ብዙ አስቀያሚ ነገር ሠርቻለሁ፤ ያንን ዝምታ የሚያህል የለም።

ውጭ ስንወጣ «ጋሼ፣ ለምን እንደዚያ አሉ?» አልኳቸው።

«ሰው ፊት ነበርክ።»

«አስተካክለዋለሁ።»

«የራስህ ጉዳይ ነው» ብለው ባጃጅ አስቁመው ወደ ጪጩ ሄዱ።

በማግሥቱ ገቢዎች ጽሕፈት ቤት ሄጄ የሁሉንም እውነተኛ ደመወዝ አስመዘገብኩ። የተጓደለውን፣ ቅጣቱንም ወለዱንም ጨምረው ቆለሉብኝ። ለማቡኪያ ማሽን ያጠራቀምኩት እዚያው ቀረ። ከኪሴ እከፍላለሁ ያልኩትን ቃልም ሠራተኞቹ ፊት ቆሜ አነሣሁ፤ ከዚህ ወር ጀምሮ እንደ ሕጉ ይቆረጣል አልኩ። ሻጯ ተሳደበች። ልክ ነበረች።

የታረመው የደመወዝ ወረቀት እንደገና መፈረም ነበረበት። ሠራተኛው ሁሉ፣ ጡረታቸው እስኪታረም ከሥራ ያልወጡት ጋሼም ጭምር፣ ምድጃው ፊት ቆሙ። ለጋሼ ወረቀቱን አነሣሁና ከላይ ጀምሬ ላነብላቸው አፌን ከፈትኩ።

«አንተ ተው» አሉኝ። «እሷ ታንብብልኝ።»

ወረቀቱን ለሒሳብ ሠራተኛዋ ሰጠኋት። ከላይ እስከ ታች አነበበችላቸው። ደመወዛቸው ላይ ስትደርስ አስቆሟትና ደግመው አስነበቧት። ሊጥ አቡኪው እንኳ ሳይቀልድ ቀለሙን አቀረበላቸው። ጋሼ በስተመጨረሻ አውራ ጣታቸውን አተሙ፣ ቀለሙን በሽርጣቸው ጠረጉና ወደ ምድጃው ተመለሱ፤ ውስጥ ያለው ዳቦ ሊያር ነበር።