ጨለለቂን ያስደነገጠ ጄኔሬተር

እሑድ ከሰዓት ነው፤ ነቀምት፣ ጨለለቂ ሰፈር መብራት ሄዷል። ብፅዓት ደግሞ ዛሬ መብራት ሊሄድባት የማይገባት ሰው ናት። በከተማው ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዲግሪ ልትማር ከደብረ ማርቆስ መጥታ፣ እዚሁ ሰፈር ቤት ተከራይታ፣ ይኸው ዓመት ሙሉ ኮምፒውተር ውስጥ አሸዋና የጎማ ፍርፋሪ ስታደባልቅ ትውላለች። እውነቴን ነው!

ነገሩ እንዲህ ነው። ነቀምት ዳገት ናት፤ ክረምት ሲገባ ውሃ የጠጣ አፈር ዳገቱን የደገፈውን የድንጋይ ግንብ ገፍቶ ይጥላል። ከግንቡ ጀርባ አሸዋ ብቻ ቢሞላም ጫና ሲበዛበት ድንገት ይከዳል። ከጎሚስታ ቤት የተጣለ ጎማ ተከትፎ ቢገባበትስ? ይለመጣል እንጂ ድንገት አይከዳም ትላለች ብፅዓት።

ድብልቁን ላቦራቶሪ ውስጥ ተጭና ለክታዋለች። የቀረው ኮምፒውተሩም ያንኑ እንዲናገር ነው፤ እሱ ግን እምቢ ብሎ አሳሯን አበላት። ለካስ የጎማውን ቅንጣት እንደ አሸዋው ጠጣር አድርጋ ኖሯል የሰጠችው! ጎማ እኮ ሲጫኑት ይጨፈለቃል። ይህን አስተካክላ ሥሌቱን እንደ አዲስ አስነሣችው። አማካሪዋ ዶክተር በርናባስ ግን ትዕግሥታቸው አልቆ፣ «እስከ ነገ ሥሌቱ ከላቦራቶሪው ልኬት ጋር ካልገጠመ ርዕስ ትቀይሪያለሽ» ብለዋታል። የዓመት ልፋቷን ውሃ ሊበላው ነው። ሥሌቱ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው መብራቱ እልም አለ፤ የላፕቶፑ ባትሪም እየተንጠፈጠፈ ነው።

ወደ እድሩ ዳኛ ቤት በረረች።

«አካም ኦልተን ኦቦ ደረሳ! እንዴት ዋሉ? የእድሩን ጄኔሬተር ያውሱኝ!»

ሽማግሌው ደንግጠው ተነሡ። «ማን ሞተ?»

«ማንም! ግን ካላወሱኝ እኔ መሞቴ ነው!»

«በደንቡ ለለቅሶ ብቻ ነው እኮ ልጄ።» ፊቷን አዩና አንጀታቸው አልችል አለ። «በይ ውሰጂው፤ ጣጣው በኔ።»

ጄኔሬተሩ በባጃጅ መጥቶ ብፅዓት ግቢ በር ላይ መንደቅደቅ ጀመረ። በዚህ ሰፈር ያ ድምፅ ከተሰማ ሰው ሞቷል ማለት ነው። ጎረቤቷ እትዬ አስካለ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ «ወይኔ ልጄን! ያቺን ባይተዋር!» እያሉ፣ ደረታቸውን እየደቁ ገቡ። ሰፈሩም ተከተላቸው።

ሟች የተባለችው ላፕቶፗ ላይ አፍጥጣለች።

«አልሞትሽም እንዴ?» አሉ እትዬ አስካለ ግራ ገብቷቸው።

«አልሞትኩም! ዝም ብላችሁ እዩ!»

አልቃሹ ሁሉ በሯ ላይ ተጠቅጥቆ ማየት ያዘ። ስክሪኑ ላይ ቢጫና ጥቁር ቅንጣቶች እየተጫኑ ይተፋፈጋሉ፤ ቢጫው አሸዋ ይንሸራተታል፣ ጥቁሩ ጎማ ይጨፈለቃል፣ ከጎናቸው መስመር ይሣላል። ላቦራቶሪ የለካቻቸው ነጥቦች ቀድመው ተቀምጠዋል። መስመሩ የመጀመሪያውን ነጥብ ነካ። ቀጣዩንም ነካ። ሁልጊዜ ሽቅብ የሚያመልጥበት ቦታ ሲደርስ ብፅዓት የጠረጴዛውን ጠርዝ ጨበጠች። መስመሩ ጎንበስ አለና ነጥቦቹን እየረገጠ እስከ ጫፍ ሄደ!

«ገጠመ! እመቤቴ ማርያም፣ ገጠመ!» ብላ ዘላ እትዬ አስካለ አንገት ላይ ተጠመጠመች፤ እንባዋ ይወርዳል። እትዬ አስካለ ምኑ እንደገጠመ አልገባቸውም፤ ልጅቱ ግን በሕይወት አለች፣ ደስም ብሏታል። ነጠላቸውን አቃኑና እልልታውን አቀለጡት። ሰፈሩ ተቀበላቸው።

በዚያ ጩኸት መሀል ለአማካሪዋ ደወለች። «ዶክተር፣ ገጠመ! ርዕሴን አልቀይርም!»

«እሰይ! ጎሽ የኔ ልጅ!» አሉ ዶክተር በርናባስ። «ምንድን ነው የምሰማው? ሠርግ ቤት ነሽ እንዴ?»

«አይ ዶክተር፣ ለቅሶዬ ላይ ነኝ!»