ግሩፑን ያጠፋሁ ቀን

በቤተሰባችን ዘንድ እስካሁን የምነሳው «ሽማግሌ ያባረረች» እየተባልኩ ነው። አላባረርኩም፤ ግሩፑን ነው ያጠፋሁት። ግን ይሁን፣ ስሙን ተቀብዬዋለሁ።

ከልጄ አባት ጋር ስንፋታ ልጃችን ሰባት ዓመቷ ነበር። ሦስት ሽማግሌዎች ሊያስታርቁን ለወራት ደከሙ፤ አልሆነም፤ ትዳሩ ፍርድ ቤት ሄዶ ፈረሰ። ልጅቷ በትምህርት ቀናት የካ አባዶ እኔ ጋር፣ ቅዳሜና እሁድ አባቷ ጋር እንድትሆን ተስማማን። እኔና እሱ ያኔ ፊት ለፊት ከተነጋገርን ሳንጣላ አንለያይም ነበር። ስለዚህ ስልኬ ላይ ለሁለታችን ብቻ ግሩፕ ከፈትኩ። የቤት ሥራ፣ የሐኪም ቀጠሮ፣ ልጅቷን የምንቀባበለው ኢምፔሪያል አንድ ጁስ ቤት በር ላይ ስለነበር «ኢምፔሪያል ደርሰናል» የሚል መልእክት፣ በቃ ይኸው ነበር። ንዴት በጽሑፍ ሲሆን ሳይላክ መሰረዝ ይቻላል፤ ብዙ ሰርዣለሁ።

ስህተቱን የሠራነው አብረን ነው። ሽማግሌዎቹ «ማስታረቁ ባይሳካልንም የልጅቷን ነገር ዝም ብለን አናይም» ሲሉ እምቢ ማለት ነውር መሰለንና ሦስቱንም ግሩፑ ውስጥ አስገባናቸው። ከዚያ እሱ እህቱን አስገባ፤ እኔም እንዳልበለጥ እናቴን አስገባሁ። የእሱ እናት ተከተሉ፣ የልጅቷ የክርስትና እናት፣ ሁለት አክስቶች። በሁለት ወር ውስጥ አሥራ አንድ ሆንን። «ትንሽ ሳል ይዟታል» ብዬ ከጻፍኩ ስድስት «እግዜር ይማራት»፣ አንድ የዝንጅብል አፈላልና ከአጎቴ የአራት ደቂቃ ቮይስ ይመጣል። አጎቴ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ናቸው፤ ቮይስ ሲልኩ ጉባኤ ፊት የቆሙ ይመስል መጀመሪያ ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ። ፎቶዋን ብልክ «ከሳች»፣ ባልልክ «ደበቀቻት» ይባላል። ከመካከላቸው ክፉ ሰው የለም፤ እኔን ያስቸገረኝም ይኸው ነው።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ወደ ሥራ እየሄድኩ ነበር። ወሎ ሰፈር አንድ ሆቴል ውስጥ እንግዳ ተቀባይ ነኝ። ታክሲ ውስጥ ስልኬ ደጋግሞ ነዘረ። የልጄ አባት እህት ግሩፑ ላይ ድምፅ መስጫ ከፍታለች። «ልጅቷ በትምህርት ቀናት የት ትሁን?» ይላል፤ ከሥሩ ሁለት ምርጫ፦ «እናቷ ጋር»፣ «ገርጂ አያቷ ጋር»። ምክንያቷንም ደርድራለች። የአያቷ፣ የአባቷ እናት፣ ግቢ ሰፊ ነው፤ የእኔ ቤት ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነው፤ እኔ ማለዳ ወጥቼ ሲመሽ ነው የምገባው፤ ከትምህርት ቤት የምትቀበላት ጎረቤት ናት። አንዱም ውሸት የለበትም። ግን ልጄን እንደ ዕድር ሰብሳቢ ለምርጫ አቀረቧት፤ ደሜ ፈላ።

ማን ምን እንደመረጠ ስሙ ይታያል። ስድስት ሰው መርጧል፤ አምስቱ ገርጂ ብለዋል፣ አጎቴም ሳይቀሩ። እኔ ጋር ያለችው የክርስትና እናቷ ብቻ ናት። የልጄ አባት አይቶታል፤ አልመረጠም፣ አላስቆመምም። ከአምስቱ መጨረሻ ያለውን ስም ደግሜ አነበብኩት። እናቴ ነበረች።

ምርጫው አልቆ ሽማግሌ ካጸደቀው «ቤተሰቡ ሁሉ ተስማምቷል» ተብሎ ልጄ እንደምትወሰድ ወዲያው ገባኝ። ግሩፑን የከፈትኩት እኔ ስለሆንኩ ማጥፋትም የምችለው እኔ ነበርኩ። ስልኩ «ለሁሉም አባላት ይጥፋ?» ብሎ ጠየቀኝ። ያን ቀን እኔን የጠየቀኝ እሱ ብቻ ነው። ይጥፋ አልኩ።

መገናኛ ሳልደርስ አጎቴ ደወሉ።

«እኔን ሽማግሌውን እንደ ተራ ሰው በር ዘጋሽብኝ?»

«ጋሼ፣ ቤቴ ይምጡና ይቆጡኝ፤ ቁጭ ብዬ እሰማለሁ። በልጄ ላይ ግን ድምፅ አይሰጥም» አልኳቸው።

ታክሲው ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ይየኝ፣ ምን አገባኝ።

በዚያኑ ዕለት ለልጄ አባት የጋራ ካላንደር ላክሁለት። ከሁለታችን በቀር ማንም አያየውም። የትምህርት ቀናቱ የእኔ፣ ቅዳሜና እሁዱ የእሱ ናቸው። ከሥሩ «ከተስማማህ ተቀበል። ካልተስማማህ ራስህ ንገረኝ፣ በእህትህ በኩል አይደለም» ብዬ ጻፍኩ። ሦስት ቀን ዝም አለ። ሦስቱንም ቀን ፈርቼ ነበር፤ ንዴቴ ግን ከፍርሃቴ ይበልጥ ነበር።

ዓርብ ከሰዓት፣ ከሥራ ቀደም ብዬ በምወጣበት ቀን፣ ልጃችንን ሊወስድ ኢምፔሪያል ጁስ ቤቱ በር ላይ መጣ። ልጅቷ ገብታ የማንጎ ጁስ ስታዝ እሱ ቦርሳዋን ተቀበለኝና፣ «ልመርጥ ስል ነው ያጠፋሽው» አለኝ።

«የቱን ልትመርጥ?»

«እናቴ ጋር የሚለውን።»

«እንግዲያው አሁን እኔን እያየህ በለው።»

አላለውም። ስልኩን አውጥቶ ካላንደሩን ተቀበለ። ትዳር ላይ ሳለን ያጣሁበትን ድፍረት አልጠበቅኩም፤ ያቺ አንድ ጠቅታ በቃችኝ።

እሁድ እናቴ ሳትደውል መጣች። አራተኛ ፎቅ ድረስ በደረጃ ወጥታ ትንፋሽ አጥሯት ነበር። ሳትቀመጥ፣ «ሸክምሽን ላቅልልሽ ብዬ ነው» አለች። «ገና ወጣት ነሽ። ለራስሽም ኑሪ።»

እናቴ አዲስ አበባ ሥራ ስታገኝ እኔን ከአራት ዓመቴ እስከ አሥር ዓመቴ ኮምቦልቻ አያቴ ጋር ነው ያስቀመጠችኝ። አያቴ አልበደለችኝም፤ እናቴም ያኔ ሌላ መላ አልነበራትም። ስለዚህ ጉዳይ አንድም ቀን አውርተን አናውቅም። ያን ቀን ግን አፌን አልያዝኩም።

«እኔን አያቴ ጋር ስትተዪኝ ሸክምሽ ቀለለ?» አልኳት።

ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«እየመጣሁ አይሽ ነበር እኮ» አለች።

«አውቃለሁ። ገና ከመግባትሽ መቼ ነው የምትሄጂው ብዬ እጠይቅሽ ነበር።»

እናቴ ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ወሰደች።

«እኔ እኮ» አለች፣ «ቶሎ እንድሄድልሽ ፈልገሽ ይመስለኝ ነበር።»