ላም ማዳቀልን በእንግሊዝኛ የለፈፍኩ ቀን

እንግሊዝኛ አይችልም የምትሉ፣ አንዴ ስሙኝ። ከስድስተኛ ክፍል አቋርጫለሁ፣ እሺ፣ አልካድኩም። ግን ከእንጅባራ እስከ ዳንግላ ባጃጅ ላይ ድምፅ ማጉያ ጭኖ እንደኔ ረዥም ቃል የሚያወጣ ካለ ይምጣና እንተያይ።

የለፋፊነት ሥራ የጀመርኩ ቀን "ፕሮሞሽን" ማለት አቅቶኝ ምላሴ ተሳሰረ። የባጃጁ ባለቤት ጋሽ ደምሴ፣ "እንደ ሸንኮራ በአንጓ በአንጓው ቁረጠው። ከዚያ ከ'ሽን' በፊት ያለችዋን አንጓ ጫን በላት" አሉኝ።

ፕሮ፣ ሞ፣ ሽን። "ሞ"ን ጫን። የባጃጁን ብረት በጣቴ እየመታሁ ለመድኩት። በሳምንቱ እኔ ስናገር ድንች ሻጮች ሚዛን ያቆሙ ነበር።

አንድ ቀን የወረዳው የእንስሳት ባለሙያ የሚለፈፍ ወረቀት ሰጠን። ነገ ጠዋት ዘንገና መገንጠያ ላይ ላም በነፃ ይዳቀላል፣ ኮርማ የፈለገች ላም ያለው ያምጣ ይላል። ራስጌው ላይ ግን "አርቲፊሻል ኢንሴሚኔሽን" የሚል አለ። በአንጓ በአንጓው ቆረጥኩት። ኢን፣ ሴ፣ ሚ፣ ኔ፣ ሽን። "ኔ"ን ጫን።

"አማርኛውንም በል እንጂ" አሉኝ ጋሽ ደምሴ።

"ጋሼ፣ አማርኛ ማን አጣ?"

እንግሊዝኛውን፣ ቀኑንና ቦታውን ብቻ እያልኩ ግማሽ ቀን ዞርኩ። በማግስቱ ባለሙያው ዘር የያዘበትን ዕቃ ይዞ እስከ ቀትር ቆመ። የመጡት ሁለት ላሞች ናቸው።

በነጋታው ቆሰበር ገበያ ላይ አንዲት የዘንገና እናት፣ እማማ አለምነሽ፣ አስቆሙኝ። "ትናንት ወዲያ በደጄ ያለፍከው አንተ ነህ?"

"እኔ ነኝ እማማ። ድምፄን ወደዱት?"

"እንዴታ። ስብሰባ መስሎን ወጥተን ሰማንህ። ላሜ ኮርማ ፈልጋ እየጮኸች አላሰማ ስትለን፣ አንተን ለማዳመጥ ጋጣ ዘጋሁባት። የምታወራው ስለሷ መሆኑን ጎረቤት የነገረኝ ሰውየው ከሄደ በኋላ ነው። ያለችኝ እሷ ብቻ ናት ልጄ።"

ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ወደ ባለሙያው ሮጥኩ፤ ዘንድሮ ወደዚያ አልመለስም አለኝ። ገበያው ተመልሼ ይሄንን ለእማማ የነገርኳቸው እኔው ነኝ። ቀልድ ጠፋብኝ።

የለፋፊ ሥራ ሰው እንዲያውቅ ማድረግ ነው። መጀመሪያ አማርኛው፣ ገጠር ሲገባ አዊኛው፣ እንግሊዝኛው ጊዜ ከተረፈ።

ይሄም ጉራው ነው የምትሉ ካላችሁ፣ ያን ቀን ገበያ የዋለውን ማንንም ጠይቁ። እማማ ፊት አንገቴን ደፍቼ ስቆም ያላየ የለም።