ሽማግሌ ያልላከ አፍቃሪ

በታኅሣሥ 1964 ዓ.ም. አንድ ቅዳሜ፣ መርሻ ከሠርክ ጸሎት ሲመለስ በአሰብ ሲኒማ ቤት ግንብ ሥር አለፈ። ኦቾሎኒ የምትሸጠው ሴትዮ እንደተቀመጠች እንቅልፍ ጥሏታል። የባሕሩ ነፋስ በወረቀት የጠቀለለችውን ኦቾሎኒ እያንከባለለ ይበትነዋል። አንድ ረጅም ሰው ጎንበስ ብሎ አንድ በአንድ ለቀመና አሸዋውን በመሐረቡ ጠርጎ ትሪዋ ላይ መለሰው፤ ነፋሱ እንዳይወስደውም ድንጋይ ጫነበት። ከዚያ የሰረቀ ይመስል ግራ ቀኙን አይቶ ወደ ሲኒማ ቤቱ ገባ። መርሻ ሰውየውን ሲለየው ዓይኑን ማመን አቃተው። ጎረቤቱ ሣህሉ ነበር። ይህን የሚጽፈው መርሻ ራሱ ነው፤ የቀረውን ደግሞ ከሣህሉ አፍ ነው የሰማው።

ሣህሉ በነዳጅ ማጣሪያው ኦፕሬተር ነው። የደብረ ብርሃን ልጅ ሲሆን በአሰብ የሚታወቀው ከሥራው ይልቅ በምላሱ ነው። የማጣሪያው ሠራተኞች እሱ ባለበት አዲስ ሸሚዝ መልበስ ይፈራሉ። በዚያ ሙቀት ክራቫት ያሰረ ሰው ካየ ሳምንቱን ሙሉ መሳቂያ ያደርገዋል።

ያ ሁሉ ምላስ ግን አንድ ነገር መናገር አቅቶት ነበር። ዘውድነሽን ማግባት ይፈልጋል። ዘውድነሽ ከደሴ ተመድባ የመጣች ነርስ ናት፤ ከአክስቷ ከእትዬ እቴናት ጋር ትኖራለች። ሣህሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ሁለቱን ሴቶች ፊልም ያሳያል፣ ቤታቸው ድረስ ይሸኛል፣ «ደኅና እደሩ» ብሎ ይመለሳል። እንዲህ እያለ ዓመት አለፈ። አሁን ግን ደሴ ላይ አንድ የጨው ነጋዴ ለአባቷ ሽማግሌ ልኳል። አባትየውም «ልጄ ትምጣና ለገና መልስ እሰጣለሁ» ብለዋል። ዘውድነሽ ሐሙስ በአውቶቡስ ልትሄድ ነው። ይህን ሣህሉም ያውቃል፣ ከተማውም ያውቃል።

የዚያን ቀን የመጣው የሕንድ ፊልም ያረጀ ነበር። ጥቁርና ነጭ ነው፤ ከመጫጫሩ የተነሣ ምስሉ ላይ ከዳር እስከ ዳር ዝናብ የሚዘንብ ይመስላል።

«እሰይ፣ አሰብ ዘነበ!» አለ ሣህሉ ገና ሳይጀመር።

እሱ አዲስ አበባ በሄደ ቁጥር አዲሱን ባለቀለም ፊልም የሚያይ ዘመናዊ ሰው ነው፤ ይህን ያባቶቹን ዘመን ልቅሶ የተቀመጠበት ለዘውድነሽ ሲል ብቻ ነበር። እትዬ እቴናት እንደ ልማዳቸው በሁለቱ መካከል ተቀመጡና ነጠላቸውን ለእንባ አዘጋጁ።

ሕንድኛ የሚያውቅ ሌላ ስለሌለ ቦምቤይ የኖረው የመናዊ የጨርቅ ነጋዴ፣ አሊ ሳልም፣ ከፊት ተቀምጦ ለሕዝቡ ይተረጉማል። አፍቃሪው ወንዝ ዳር ልጅቷን አንድ ጊዜ አያት። ወዲያው እጁን ወደ ሰማይ ዘረጋ፣ ጨረቃን ለመነ፣ ግንድ አቀፈ፣ ሣር ላይ ተንከባለለ፣ ተነሥቶ እንደገና ግንዱን አቀፈ። ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ አሊ ሳልም ዞር ብሎ፣

«ይወዳታል!» አለ።

«ይህንንማ ግንዱም አውቆታል» አለ ሣህሉ፤ የኋላ ወንበሮች በሳቅ ፈረሱ።

«ዝም በል አንተ! ኧረ ዝም በል!» አሉ እትዬ እቴናት እያለቀሱ።

ሣህሉ ግን ማን ሊያቆመው። አፍቃሪው ታመመ፤ ታምሞም ዘፈነ። ልጅቷን ለሌላ ሊድሯት ነው፤ በመስኮት ሆና ዘፈነች። እናቱ መጣችና እሷም ዘፈነች። የልጅቷ አባት ቤት ከአፍቃሪው ቤት ፊት ለፊት ነው፤ ሰውየው ግን ወንዝ ተሻግሮ ተራራ እየወጣ ያለቅሳል እንጂ ያንን በር አንድ ቀን አላንኳኳም። በመጨረሻ ሠርጉን ከዛፍ ጀርባ ተደብቆ ሲያይ፣ ሣህሉ ወንበሩ ላይ ተነሥቶ ቆመ።

«አንተ ሰው! ሦስት ሽማግሌ ብትልክ ኖሮ እኛም በጊዜ ቤታችን እንገባ ነበር!»

ሲኒማ ቤቱ ተናወጠ፤ አሊ ሳልምም መተርጎሙን ትቶ ሳቀ። ሣህሉ ደስ ብሎት ወደ ዘውድነሽ ዞረ። አልሳቀችም። እንባዋም ደርቆ ነበር።

«ያ ሰው ለዛፍም ቢሆን ነግሯል» አለችው በአክስቷ ራስ ላይ፣ ቀስ ብላ። «አንተ ለማን ነገርክ?»

እትዬ እቴናት ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ እንደያዙ ቀሩ። ሣህሉ እንደ ልማዱ ቤታቸው ድረስ ሸኛቸው። በራቸው ላይ ሲደርሱ «ደኅና እደሩ»ን እንኳ ቀድማ ያለችው ዘውድነሽ ነበረች።

በማግሥቱ መርሻ ከቅዳሴ ሲመለስ ሣህሉን በሩ ላይ ቆሞ አገኘው። ገብቶ ተቀመጠና ፊልሙን ከመጀመሪያው ጀምሮ ያጥላላው ጀመር፤ ዘፈኑን፣ ግንዱን፣ የአፍቃሪውን ሱሪ።

«ሣህሉ» አለ መርሻ፣ «ሰንበት ጠዋት የመጣኸው ስለ ሱሪ ልትነግረኝ ነው?»

ሣህሉ አንገቱን ደፋ። ከዚያ ዘውድነሽ ያለችውን ሳይቀንስ ነገረው።

«ታዲያ ዓመት ሙሉ ሽማግሌ ሳትልክ ምን ነካህ?»

«ማንን ልላክ ጋሽ መርሻ? አባቴን አላውቀውም፤ ያሳደገኝ አጎቴም ሞቷል። ይህ ደግሞ ሁሉም ለሥራ የመጣበት አገር ነው። ሽማግሌ የሚሆን ሰው በጣት የሚቆጠር ነው፤ እነሱን ደግሞ እኔ አስቀይሜያለሁ። አቶ ብዙነህን አሰብኩ፤ በክራቫታቸው ስቄባቸዋለሁ። አቶ አበጀን አሰብኩ፤ በአካሄዳቸው። የኔታንም በድምፃቸው።»

«በእኔስ?»

«በእርስዎም… መንገድ ላይ እያነበቡ ሲሄዱ። ግን አልሰሙኝም መሰለኝ።»

«ሰምቼሃለሁ።»

ሣህሉ ብድግ አለ፤ ሊወጣ ነበር። መርሻ ግን እጁን ይዞ መልሶ አስቀመጠው። በዚህ ዕድሜው፣ ከአገሩ ከደሴ ርቆ ሳለ፣ እንደ አባት የሚፈልገው ሰው በሩ ድረስ ስለመጣ በልቡ ፈጣሪውን አመሰገነ። ለሣህሉ ግን ይህን አልነገረውም።

«ተናገር» አለው። «እንዳትቀልድ ብቻ።»

ሣህሉ ወንበሩን ወደ መርሻ አስጠጋ።

«እርስዎ የደሴ ሰው ነዎት፤ እዚያ የሚያውቋቸው ሽማግሌዎች አይጠፉም። ነገ ንጋት ላይ ነዳጅ ጭኖ የሚወጣ ቦቴ አለ። ሾፌሩ ደስታው ወዳጄ ነው፤ ጋቢናው ለሁለት ሰው ይበቃል፤ ኮምቦልቻ ያወርደናል። እሷ ሳትደርስ እንደርሳለን። ጋሽ መርሻ፣ ከእኔ ጋር ይውጡና አባቷ ደጅ ይቁሙልኝ። ‹ልጄ ነው› ይበሉልኝ።»