ተነሱ ያልኩ ቀን

መሳለሚያ አጠገብ ባለ ትምህርት ቤት ታሪክ አስተምራለሁ። መጽሐፋችን ነገሥታቱን ከነፈረሶቻቸው ያውቃል፤ የፈረሱን ልጓም ማን እንደሠራው ግን አይጠይቅም። እኔ ደግሞ መጽሐፍ የዘለለውን ካልጠየቅኩ እንቅልፍ አይወስደኝም። ብዙ ማንበብ የሚያመጣው በሽታ ነው፤ አይገድልም።

አንድ ቀን ስለ ቀጥቃጮች አስተማርኩ። ንጉሡ እነሱ በሠሩት ጦር ይዋጋል፤ ጎረቤታቸው ግን አብሯቸው አይበላም፣ ልጁን አይድርላቸውም፣ ቡዳ ናቸው ይላል። የገዛ ንግግሬ ሞቅ አድርጎኝ፣ "እዚህ የቀጥቃጭ ልጅ ካለ ይነሳ፣ እናጨብጭብለት!" አልኩ።

ማንም አልተነሳም። መስኮቱ አጠገብ የምትቀመጠው ተማሪዬ ብቻ ደብተሯ ላይ አቀረቀረች።

ደውል ሲደወል ወደ ኋላ ቀረች።

"ቲቸር፣ አባቴ ከበርሜል ቆርቆሮ የከሰል ምድጃ ይሠራል። ለጓደኞቼ ነጋዴ ነው ብያቸዋለሁ። ዛሬ ሊያጋልጡኝ ነበር።"

"ላከብራችሁ ብዬ እኮ ነው።"

"ማን ለመነዎት? ንጉሡስ ከዚህ ሌላ ምን ያደርግ ነበር? ተነስ፣ ተቀመጥ ነው።"

ስለ ሥልጣን ስንት መጽሐፍ አንብቤያለሁ፤ ጠመኔ የያዘው እጅ የኔ መሆኑን ግን አንዱም አልነገረኝም። ይቅርታ ጠየቅኳት። መናገሩም አለመናገሩም የእሷ እንደሆነ፣ ከእኔ አፍ እንደማይወጣ ቃል ገባሁላት።

ሦስት ሳምንት አለፈ። አንድ ጠዋት፣ ሳልጠራት፣ እጇን አወጣች።

"ቤቱ የከሰል ምድጃ ያለው ሰው ታቹን ገልብጦ ይይ። ሦስት ነጥብ ከተመታበት አባቴ ነው የሠራው።"

"ነጋዴ ነው ብለሽን አልነበር?" አላት ከኋላ አንዱ።

"ይሸጠዋል እኮ! በነጻ ፈልገህ ነው?"

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፤ እሷም አብራ ሳቀች። እኔ ማታ ቤቴ ገብቼ ምድጃችንን ገለበጥኩ፣ አመዱን ሳላስወጣ። ሁለት ነጥብ ነው ያለው። ባለቤቴ የተናገረችውን እዚህ አልጽፈውም።

ቅዳሜ ተማሪዋ ክፍሉን በሙሉ አባቷ ዘንድ ወሰደች፤ ተከተልኳቸው። አባትየው መዶሻ ሰጡኝ። ቆርቆሮውን ስቼ አውራ ጣቴን መታሁ።

"አይዞዎት መምህር" አሉኝ ሳቃቸውን እየዋጡ፣ "ይሄ እንደ ወሬ አይደለም።"

ልጅቱ ብረት እንዴት ልጓም እንደሚሆን ለጓደኞቿ ማስረዳት ጀምራለች። አንድ ነገር ልጨምር አፌን ስከፍት ዞር ብላ አየችኝ።

"ቲቸር፣ እርስዎ ይቀመጡ።"

የተገለበጠ በርሜል ላይ ደስ ብሎኝ ተቀመጥኩ።