ያልተቆጠረው የሐሙስ መንገድ

ፓርሜን በሰባ ስምንት ዓመት ዕድሜው ሦስት መኪና ነድቷል። ሁለቱን አታሏል፤ ሦስተኛዋ ግን አጋለጠችው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የሻይ ፋብሪካው የጭነት መኪኖች ነበሩ። ሦስተኛዋ ከጃፓን በመርከብ ተጭና የመጣች፣ መሪዋ በቀኝ በኩል የሆነ አሮጌ ነጭ የቤት መኪና ናት። በፓርሜን ከተማ በቾኻታውሪ ከሁለት ቤት አንዱ እንዲህ ያለች ቀኝ መሪ አለችው፤ ርካሽ ናታ። በዚህች መኪና ዳሽቦርድ ላይ ነው እንግዲህ፣ በረዶው ከኮረብታው እንደለቀቀ፣ አንዲት ቢጫ መብራት ብልጭ ድርግም ማለት የጀመረችው።

መብራቷ የካምቢዮ ማስጠንቀቂያ ናት። ካምቢዮዋ የሞተ አሮጌ መኪና ደግሞ እዚያ አገር የዶሮ ቤት ነው የምትሆነው፤ ማንም አያሳድሳትም። የፓርሜን ልጅ ናርጊዛ መብራቷን እንዳየች ፍርዱን ሰጠች።

«በቃ፣ ካምቢዮው ከሄደ እሷም ትሂድ። አንተም አርፈህ ተቀመጥ።»

«መብራት ስለበራ ይቀበራል እንዴ? መጀመሪያ ሐኪም ይያት።»

«እሺ፣ መካኒኩ አንዞር ይያት። እኔም አብሬ እሄዳለሁ።»

ናርጊዛ ክፉ ልጅ አይደለችም፤ ፈርታ ነው። ኦዙርጌቲ ከተማ መድኃኒት ቤት ትሠራለች። እናቷ ከሞተች ሰባት ዓመቷ ነው፤ ወንድምም እህትም የላትም፤ ያላት አባቷ ብቻ ነው። ባለፈው መኸር በጉም ውስጥ መንገዱን ስቶ ከነመኪናው ቦይ ሲገባ፣ ጎረቤት ነው ደውሎ የነገራት። አባትየው ከአፍንጫው መላላጥ በቀር ምንም አልሆነም፤ እሷ ግን ከዚያ ወዲህ ስልክ በጮኸ ቁጥር ትደነግጣለች። ስለዚህ ሕግ አወጣች። መንዳት የሚችለው ገበያና ቤተ ክርስቲያን ብቻ ነው፤ በሳምንት ከሃያ ኪሎ ሜትር ካለፈ ቁልፉን ትወስዳለች። እሑድ እሑድ ስትመጣ አባቷን ከመሳሟ በፊት የመኪናዋን በር ከፍታ የኪሎ ሜትሩን ቁጥር ታነባለች። የሳምንቱ ጭማሪ አንድም ቀን ከሃያ አልፎ አያውቅም። እሷም ልቧ አረፈ።

አለማረፍ ነበረባት፤ ምክንያቱም ፓርሜን ሐሙስ ሐሙስ ኡሬኪ ድረስ ይሄዳል። ኡሬኪ ባሕሩ ዳር ነው፤ ደርሶ መልስ ሰማንያ ኪሎ ሜትር ግድም።

የሚሄደውም ብቻውን አይደለም። ጉጉሊ የምትባል ምላሷ እንደ መቀስ የሆነ አሮጊት አለች፤ ሁለት ጓደኞች አሏት። ሦስቱም በወጣትነታቸው የሻይ ቅጠል ለቃሚዎች ነበሩ። ያኔ ፓርሜን ጎህ ሲቀድ አርባ ሴት በጭነት መኪናው ላይ አሳፍሮ ወደ ላይኛው ማሳ ያወጣ ነበር። ሴቶቹ ቆመው፣ ጎን በጎን ተያይዘው፣ በሦስት ድምፅ ይዘፍኑለታል፤ እሱም ዘፈኑ እንዳይቋረጥ ጉድጓዱን እያለፈ በቀስታ ይነዳል። ዛሬ ፋብሪካው ጣሪያ የለውም። ማሳውን ዳዋ ውጦታል። ከአርባዎቹ ሴቶች ደግሞ በአቅራቢያው የቀሩት እነዚህ ሦስቱ ናቸው፤ የሦስቱም ጉልበት ቁልቁለት ላይ አልቋል። የኡሬኪ ጥቁር አሸዋ ለጉልበት ፍቱን ነው ይባላል። እግራቸውን እስከ ጭናቸው ቀብረው ሁለት ሰዓት ይቀመጣሉ፤ ፓርሜንም ሱሪውን ጠቅልሎ ባለ አይቡን ቂጣ ይቆርስላቸዋል።

«ዝግ በል አንተ» ትለዋለች ጉጉሊ በየመታጠፊያው። «ጉልበቴን ላሳክም እንጂ ልቀበር አይደለም የመጣሁት።»

«ያኔ ፍጠን ትይኝ አልነበር?»

«ያኔማ የሚያቅፈኝ ነበር።»

እውነቱን እንናገርና፣ አሸዋው የማንን ጉልበት እንደፈወሰ እኔ አላውቅም። ፓርሜንን ግን አድኖታል። በሌሎቹ ቀናት እሱ የአንዲት ሴት አባት፣ የአንድ ክሊኒክ በሽተኛ፣ የአንድ አግዳሚ ወንበር ተቀማጭ ነው። ሐሙስ ብቻ ሹፌር ነው። ያቺን ቁልፍ ካጣ ሐሙስን ያጣል፤ ሐሙስን ካጣ የሚቀረው ነገር ብዙ አይደለም።

ታዲያ ቁጥሩን እንዴት ሸወደው? በድሮው ብልሃት ነው። በፋብሪካው ዘመን ቤንዚን የሚሰጠው በኪሎ ሜትር ነበር፤ ዘበኛው ሲወጡና ሲገቡ ቁጥሩን ይመዘግባል። የግል ጉዳይ ያለው ሹፌር ከፍጥነት መለኪያው ጀርባ የሚገባውን ገመድ ዳዶ ፈትቶ ይሄዳል፤ ሲመለስ መልሶ ያጠብቀዋል። መኪናው ይሄዳል፣ ቁጥሩ ይቆማል። ይህን የማያደርግ ሹፌር ወይ ታማሚ ነው፣ ወይ የሥራ አስኪያጁ አማች። ችግሩ የፓርሜን እጅ ነበር፤ የዳቦ ያህል ወፍራም ስለነበረ ከዳሽቦርዱ ጀርባ አይገባለትም ነበር። ያኔ እንዴት ይፈታው እንደነበር በቦታው እነግራችኋለሁ። አሁን ግን እርጅና አንጓውን አቅጥኖለታል፤ እጁ ዘው ይላል። ያደቆነ ሰይጣን ሳያቀስስ አይለቅም ማለት ይኸው ነው።

ቅዳሜ ጠዋት አንዞር ጋራዥ ሄዱ። ጋራዡ የድሮው የሻይ ቅጠል መመዘኛ ቤት ነው፤ አንዞርም የፋብሪካው የድሮ ሹፌር ልጅ ነው። ኮፈኑን ከፈተ። የካምቢዮውን የዘይት መለኪያ ዘንግ አውጥቶ በነጭ ጨርቅ ጠረገና አሸተተ።

«ጤነኛ ነው» አለ። «ቀይ ነው፣ የቃጠሎ ሽታ የለውም። አጎቴ ፓርሜን፣ ማርሽ ስትቀይር ትራገጣለች?»

«እንደ ቅቤ ናት።»

«ትጮኻለች?»

«ከዚህች ከልጄ በቀር የሚጮህብኝ የለም።»

ናርጊዛ አልሳቀችም። አንዞር አንዲት አጭር ሽቦ አጥፎ ከሞተሩ ጎን ባለች ትንሽ ሳጥን ሁለት ቀዳዳዎች ውስጥ ሰካት፤ ቁልፉን ከፈተ፣ ሞተሩን ግን አላስነሳም። መኪናዋ ሕመሟን የምትናገረው እንዲህ ሲደረግላት ነው።

«እንዳታናግሩኝ፤ ልቆጥር ነው።»

ሦስቱም ወደ ቢጫዋ መብራት አጎነበሱ። አራት ጊዜ ብልጭ አለች። ትንሽ ቆየች። ሁለት ጊዜ ደገመች። አንዞር እንደገና አስቆጠራት፤ አራት፣ ከዚያ ሁለት። ሦስተኛም አስቆጠራት፤ ያው። ግድግዳው ላይ በእጁ የጻፈውን ወረቀት በጣቱ ተከተለና ቀና አለ።

«ካምቢዮው ምንም አልሆነም።»

ፓርሜን አማተበ። ከዚያ በኋላ ያለችውን ግማሽ ደቂቃ እንደ ልጅ ተደሰተባት።

«ታዲያ ለምን ታስደነግጠናለች?» አለች ናርጊዛ።

«ይቺ መኪና ፍጥነቷን የሚነግሯት ሁለት ናቸው። አንዱ ካምቢዮው ላይ ነው። ሌላው ከፍጥነት መለኪያው ጀርባ፣ በገመዱ የሚዞረው። አራትና ሁለት ማለት የገመዱኛው ዝም ብሏል ማለት ነው። አንዱ እየሮጥን ነው ሲላት፣ ሌላው ቆመናል ይላታል። ግራ ሲገባት መብራቷን ታበራለች። ቂመኛም ናት፤ ገመዱ ኋላ ቢመለስላት እንኳ የሆነውን አትረሳም።»

ፓርሜን ከዳሽቦርዱ ራቅ አለ። የጭነት መኪናው እንዲህ ያለ አመል አልነበረውም፤ የጠየቀው ቢኖር እንጂ በራሱ ተነስቶ አይመሰክርም ነበር። ሁለት ሳምንት ሙሉ ካምቢዮውን ሲያማ የከረመው አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ሆኖ ነው፤ አይጧም እሱ ራሱ ነበር።

«ገመዱ ተበጥሶ ይሆናል» አለ አንዞር፣ እጁንም ከዳሽቦርዱ ሥር ሰደደ። ገመዱ በቦታው ነው፤ አልተበጠሰም። ዳዶው ግን ዙሪያው ሁሉ አቧራ ሆኖ ሳለ እሱ ብቻውን በጣት ብዛት ተወልውሏል። አንዞር ዝቅ ሲል ምንጣፉ ላይ የተበተነውን ጥቁር አሸዋም አየ። ሽማግሌውን አየው። አሸዋውን በመዳፉ ጠረግ አድርጎ ተነሳ።

«አሁን ጠብቋል፤ ላልቶ ነበር መሰለኝ» አለ። «ንዝረት ነው። አሮጌ መኪና ይፈታታል።»

ናርጊዛ ወደ መኪናዋ በር ተጠጋች።

«ንዝረት ሲፈታ አይቻለሁ» አለች። «መልሶ ሲያጠብቅ ግን አላየሁም።»

የእጅጌዋን ቁልፍ ፈትታ ወንበሩ ላይ ተቀመጠችና እጇን ከዳሽቦርዱ ሥር አስገባች። ዓይኗን ሳትልክ፣ በዳሰሳ ብቻ ዳዶውን አገኘችው።

«ወደ ግራ፣ ሁለት ዙር ተኩል» አለች። «ማን ነው ያስተማረኝ?»

ፓርሜን ጨርቁን ከአንዞር እጅ ተቀብሎ የሌለ ዘይት ይጠርግ ጀመር። ናርጊዛ ያኔ የስድስት ዓመት ልጅ ነበረች። የጭነት መኪናው ጋቢና ውስጥ በቀኙ አስቀምጧት፣ ከፋብሪካው በር እልፍ ሲሉ ያቆማል። «በይ እናቴ፣ ያቺን ቀጭን እጅሽን» ይላታል። እሷ ትፈታለታለች። ከዚያ አባትና ልጅ ማንም በማይቆጥረው መንገድ ወደ ባሕር ይወርዳሉ።

«የት ነው የምትሄደው?»

«ኡሬኪ።»

«ከማን ጋር?»

«ጉጉሊና ሁለቱ። ጉልበታቸው…» አልጨረሰውም።

«ሰማንያ ኪሎ ሜትር፣ በእነዚህ ዓይኖችህ። ሦስት ሰው ጭነህ።» ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም፤ ብትጮህበት ይሻለው ነበር። «ከዚህ ሆኜ አሁን ጣቶቼን ባወጣ ስንት እንደሆኑ ታያለህ?»

ፓርሜን እንደማያይ ያውቃል። መዋሸት ይችል ነበር፤ ሰለቸው። ቁልፉን ከመሪው ሥር ነቀለና ሰጣት።

አንዞር የመኪናዋን ትዝታ ለማጥፋት አንዲት ፊውዝ ነቅሎ ጥቂት ቆየና መለሳት። ሞተሩ ተነሳ። ቢጫዋ መብራት አልበራችም። ናርጊዛ መኪናዋን ይዛ ወደ ኦዙርጌቲ ሄደች፤ እሱን ደጁ ላይ አውርዳው።

አራት ቀን ሙሉ ለጉጉሊ መናገር አቃተው። ረቡዕ ማታ ልብሱን ለብሶ በሯ ድረስ ሄደና ተመለሰ። ሐሙስ ጠዋት እንደ ልማዱ ተነሳ፣ ተላጨ፣ ቂጣውን በጨርቅ ጠቀለለና አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። ለምን እንደጠቀለለው እሱም አያውቅም።

ጥሩምባ ሰማ። ነጯ መኪና በሩ ላይ ቆማለች፤ ናርጊዛ ከመሪው ኋላ ናት።

«ከሥራ ፈቃድ ወስጃለሁ» አለች በመስኮቱ። «ግባ። የጉጉሊ ቤት በየት ነው?»

እግሩ በልማድ ወደ ቀኝ በር ወሰደው፤ እሷ ተቀምጣበታለች። ዞሮ በግራ ገባ። ነገሩ የተገለጠለት ወንበሩን ሲያስተካክል ነው። የጭነት መኪናው ውስጥ የሱ ቦታ ግራ ነበር፤ የሷ ቀኝ። ሁለቱም በየቦታቸው ተቀምጠዋል፤ ቦታ የለወጠው መሪው ብቻ ነው።

ጉጉሊና ጓደኞቿ ከኋላ ተጠጋግተው ገቡ።

«ሹፌር ቀየርክብን እንዴ?» አለች ጉጉሊ። «ይቺስ መንገዱን ታውቀዋለች?»

«ከልጅነቷ ታውቀዋለች» አለ ፓርሜን። ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

ከአሮጌው ፋብሪካ በታች ቁልቁለቱ ላይ፣ አንድ ክፉ መታጠፊያ መጣ። ፓርሜን ሳያስበው ቀኝ እግሩን አንስቶ ፍሬን የሌለበትን ባዶ ወለል ረገጠ። መኪናዋ ዝግ አለች።

«ያዝኩት፣ አባዬ» አለች ናርጊዛ።