ገደል የሌለው ሜዳ

ወንደሰን ዓለሙን የፈረንሳይ ለጋሲዮን ሰፈር ሰው «ወንዴ ገደል» ይለው ነበር። ስሙን ያወጣለት የገዛ እግሩ ነው።

ከሰፈራችን በላይ፣ ባሕር ዛፉ ሊጀምር ሲል፣ አንድ ሜዳ አለ። በአንድ ጎኑ የመንደሩ አጥር ነው፤ በሌላው ጎኑ መሬቱ ድንገት ያልቅና ቁልቁል ወደ ወንዙ ይወርዳል። ኳስ ወደዚያ ከሄደች ሄደች ነው። ፍለጋ የወረደው ሰው በዛፎቹ መካከል ሲንከራተት እኛ ላይ ሆነን እንጠብቃለን፤ የዳኛው ሰዓት ግን ማንንም አይጠብቅም። ስለዚህ ቡድናችን በአንድ ግብ ከመራ ጨዋታው አለቀ ማለት ነበር። ወንደሰን ከኋላ ቆሞ ያገኛትን ኳስ ሁሉ በካልቾ ወደ ቁልቁለቱ ይሰዳታል፤ ሕዝቡም «ገደል! ገደል!» እያለ ያጨበጭባል። ቀጭን፣ ረጅም፣ ዝምተኛ ልጅ ነበር። እንደ እሱ የተጨበጨበለት ተከላካይ እኔ አላየሁም።

በዚሁ ዝናው አንድ የታወቀ ክለብ ወሰደው። በመጀመሪያው ልምምድ የሆነውን ራሱ እየሳቀ ነው ያጫወተኝ። ሜዳው እንደ ጠረጴዛ ለጥ ያለ ነው፤ ዙሪያውን በግንብ ታጥሯል። አጥቂ ሲመጣበት ኳሷን እንደለመደው ጠለዛት። ግንቡን መትታ ተመለሰች። ደግሞ ጠለዛት፤ ደግሞ ተመለሰች። አሰልጣኙ ልምምዱን አስቁሞ፣ «ልጄ፣ ይቺ ኳስ ምን አድርጋህ ነው?» ብሎ ጠየቀው። ጓደኞቹ በሳቅ ወደቁ።

«ያን ቀን ነው የገባኝ» ይላል ወንደሰን። «ለካ ኳስ ማባረር እንጂ መጫወት አላውቅም ነበር።»

ከዚያ ወዲያ ከሁሉ ቀድሞ እየገባ፣ ከሁሉ ኋላ እየወጣ፣ ለዚያው ግንብ እያቀበለ፣ ግንቡም እየመለሰለት፣ ፊደል እንደሚቆጥር ተማሪ ከመጀመሪያው ጀመረ። ተማረም። ጉልበቱ እስኪከዳው ድረስ የክለቡ ቋሚ መሃል ተከላካይ ሆኖ ቆየ፤ ኋላም የአሰልጣኝነት ኮርስ ወስዶ ወደ ሰፈሩ ተመለሰና ቡድናችንን ተረከበ። ዳገቱ አስፋልት ለብሷል፤ ሜዳው ግን እንዳለ ነበር።

ገና በመጀመሪያው ቀን ልጆቹን ሰብስቦ፣ «ከዛሬ ጀምሮ ገደል የለም» አላቸው።

«ይኸው አለ እኮ፣ ኮች» አለ መሃል ተከላካዩ ኪያ፣ በጣቱ እያሳየ።

«ላንተ የለም።»

ነገሩ ቶሎ አልሰመረም። ልጆቹ ከኋላ ኳስ እየተቀባበሉ ሲወጡ እየተነጠቁ ግብ ይቆጠርባቸው ጀመር። ባለፈው ክረምት በሰፈሮች ውድድር ከሾላ ቡድን ጋር ልንጋጠም ስንል፣ የኮሚቴው ሰብሳቢ ጋሽ ተሾመ ወንደሰንን ጠሩት። ጋሽ ተሾመ ሾላ ገበያ ሚስማርና ቆርቆሮ ነጋዴ ናቸው።

«ስማ፣ ወንዴ። ደንበኞቼ ሁሉ የሾላ ሰዎች ናቸው። ከተሸነፍን ሱቄን ዘግቼ መቀመጤ ነው። አቻም አልፈልግም። ካላሸነፍክ ሌላ አሰልጣኝ እንፈልጋለን። እግዜር ገደል ሰጥቶት የሚተው ሰው አይቼ አላውቅም።»

«እሺ፣ ጋሽ ተሾመ» አለ ወንደሰን። እሺ ያለው ማሸነፉን ነው እንጂ ገደሉን አልነበረም።

ጨዋታው ሲጀመር ቶሎ ብለን ሁለት ግብ አገባን። ከዚያ ኪያ ከኋላ ሊያቀብል ሲል አንድ የሾላ አጥቂ ነጥቆት አገባ። በእረፍት ሰዓት ጋሽ ተሾመ ጃንጥላቸውን ይዘው ልጁ ላይ መጡበት።

«አንተ፣ እግር የለህም? አትጠልዛትም?»

ወንደሰን መሃል ገባ። «እንዲያቀብል ያዘዝኩት እኔ ነኝ። የሚቆጡ ከሆነ እኔን ይቆጡ።» ከዚያ ወደ ኪያ ዞሮ፣ ድምፁን ሳይለውጥ፣ «ቅድም አንገትህን ደፍተህ ነው የተነጠቅከው። ኳሷ ሳትደርስህ ቀና ብለህ እይ» አለው።

ሁለት ለአንድ እየመራን ወደ ማለቂያው ደረስን። ኳሷ ኪያ እግር ስር ገባች። ሁለት የሾላ ልጆች እየሮጡ መጡበት፤ ቁልቁለቱ በስተቀኙ ነው፤ አንድ ካልቾ ብቻ ይበቃ ነበር። ሰፈሩ በሙሉ «ገደል! ገደል!» ይላል። ከሁሉ በላይ የሚሰማው የጋሽ ተሾመ ድምፅ ነው። ኪያ ወደ አሰልጣኙ ተመለከተ። ወንደሰን እጁን ኪሱ ከትቶ ቆሟል።

ኪያ ቀና ብሎ አየ። ለበረኛው መለሰለት። በረኛው ለግራ ተከላካዩ፣ እሱም ለአማካዩ፣ አማካዩ ተመልሶ ለኪያ። የሾላ ልጆች ከአንዱ ወደ አንዱ እየሮጡ ትንፋሽ አጠራቸው። ጩኸቱ ቀስ በቀስ ረገበና ሰዉ በየቅብብሉ ያጨበጭብ ጀመር። ፊሽካው የተነፋው ኳሷ እኛው ጋ ሳለች ነው።

ጋሽ ተሾመ አንድ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለው ላባቸውን ይጠርጉ ነበር።

«ልቤን ልታፈርጠው እኮ ነው» አሉት።

«ይለምዱታል፣ ጋሽዬ።»

«እስኪ እንግዲህ። ልምምድ መቼ ነው?»

«ማክሰኞ» አለ ወንደሰን። «የኪያ ግራ እግር ማቀበል ገና አልተማረም።»